ለዜግነት የሚበላ ቋሊማ

እና በቋሊማ ምክንያት፣ በሌላ በምንም አይደለም፣ አሥራ ሦስት ዓመት ግብሯን ሳታጓድል ከፍላ፣ ክሎተን ኤርፖርት የአውሮፕላን ምግብ ትሪ ላይ ስትደረድር ወገቧ ተቆርጦ፣ ጉሮሮ የሚሞርደውን ጀርመንኛቸውን ተምራ፣ በመጨረሻ ቋሊማ ላይ ልትወድቅ፣ ይገርማል፣ አይ አይገርምም፣ ምን ይገርማል። ሐረገወይን የጌማይንደው ኮሪደር ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ጌማይንደ ማለት ያው ቀበሌ ነው፣ ሻል ያለ ሽንት ቤት ያለው ቀበሌ። ከበሩ ወዲያ አምስት ሰዎች የዜግነት ማመልከቻዋን ዘርግተው ስለ እሷ ያወራሉ፣ እሷ ውጭ፣ እነሱ ውስጥ፣ እዚህ ስዊዘርላንድ ዜጋ ልሁን ያለ ሰው ወረቀቱ ዋና ከተማቸው በርን ከመድረሱ በፊት የመንደሩ ሰዎች ፊት ቀርቦ ይመዘናል፣ ማንን ሰላም ትላለህ፣ ቆሻሻህን በየትኛው ቀን ታወጣለህ፣ የትኛው ማኅበር ውስጥ ትዘፍናለህ፣ ለወንድ ልጃቸው ሚስት የሚመርጡ ይመስል። ሳቋ ይመጣል፣ ትውጠዋለች፣ ኮሪደር ላይ ብቻዋን የምትስቅ ሴት አልተዋሃደችም ብለው ይጽፉባታል።

የነገረቻት የጌማይንደው ጸሐፊ ናት፣ ደግ ሴት፣ ባለፈው ሳምንት ስልክ ደውላ፣ ፍራው ሀብተሥላሴ፣ አለቻት፣ ፍራው ወይዘሮ ማለት ነው፣ አባቷን ሴት አድርገው ነው የሚጠሯት፣ ለምዳዋለች፣ ፍራው ሀብተሥላሴ፣ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው፣ ከጎረቤቶችዎ አንዷ ስለ እርስዎ ሲጠየቁ አይቀላቀሉም ብለዋል፣ ኦገስት አንድ የአገሪቱ ቀን ግብዣ ላይ ቋሊማውን መለሱ፣ ምንም አልቀመሱም ብለዋል፣ ኮሚሽኑ ይጠይቅዎት ይሆናል። አመሰግናለሁ አለች ሐረገወይን፣ ስልኩን ዘጋች፣ ከዚያ ለግድግዳው በአማርኛ የምትለውን አለች። ጎረቤት የተባለችው ፍራው ኤግሊ ናት፣ ሌላ ማን ይሆናል፣ ከታች ፎቅ፣ በየጠዋቱ ግሩትሲ ብላ ሰላም የምትላት፣ በጋ በመጣ ቁጥር አበቦቿን አደራ ብላት የምትሄድ ፍራው ኤግሊ። አበቦቹን ውኃ ያጠጣቸው ማን መሰላት።

ኦገስት አንድ ረቡዕ ዋለ፣ ይኸው ነው ወንጀሉ። ግቢው ውስጥ ፍም አቀጣጥለው፣ ቀዩን ባንዲራ ሰቅለው፣ ሰርቬላ የሚሉትን ወፍራሙን ቋሊማቸውን ጫፍና ጫፉን ሰንጥቀው ሲጠብሱ እሷም ወርዳለች፣ ባዶ እጇንም አልወረደችም፣ ሐብሐብ ቆርጣ ይዛለች፣ ግን ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው፣ ጾም ደግሞ አይወራም፣ እጾማለሁ ብሎ ሰው ፊት መናገር ጉራ ነው ተብላ ነው ያደገችው፣ ስለዚህ ፍራው ኤግሊ ሳህኑን ስትዘረጋላት ጠግቤያለሁ አለች፣ እንደ ደንቡ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ፈገግ ብላ። ጠግቤያለሁ ያለ ሰው እኮ አገሯ ላይ ልመናው ገና መጀመሩ ነው፣ በሞቴ ይባላል፣ አፈር ስሆን ይባላል፣ ይህ ካልሆነ ያኛው ይባላል፣ የተጠበሰ በቆሎ እኮ ነበረ እዚያው ፍሙ ጥግ፣ ዐይኗን ጥላበት ነበር፣ ሁለተኛ ቢጠይቋት ትበላው ነበር። ማን ሁለተኛ ይጠይቅ። ኦኬ አለች ፍራው ኤግሊ፣ ሳህኑን ይዛ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረች፣ ሐረገወይን ርችቱ እስኪያልቅ በቆሎውን እያየች በባዶ ሆዷ ቆመች። ይህ ነው እንግዲህ አይቀላቀሉም የተባለው።

ማሚ፣ ቢተ፣ እባክሽ፣ ዛሬ ብቻ፣ ብላታለች ልጇ ናኒ ጠዋት የጫማዋን ክር እያሰረች፣ ዝም ብለሽ ያ ያ፣ አዎ አዎ በያቸው፣ ሰርቬላ እወዳለሁ በያቸው። ልዋሽ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን እየወሰድኩ ያሳደግኩሽ ልጅ ውሸት ታስተምሪኛለሽ። ውሸት አይደለም ማሚ፣ ኢንተግራትሲዮን ነው፣ መዋሃድ ነው። አፏን አስያዘቻት። ናኒ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ በሦስት ዓመቷ በእናቷ ጀርባ ታዝላ የመጣች፣ ማመልከቻው ላይ ከእናቷ ሥር ተመዝግባለች፣ እናት ከወደቀች ልጅም ትወድቃለች፣ እና ይህች ልጅ ምን መሆን ትፈልጋለች ቢሉ ፖሊስ፣ የስዊዝ ፖሊስ፣ ዜጋ ካልሆነች ደግሞ አይቀጥሯትም፣ እናቷ ከፖሊስ ሸሽታ ድንበር ያቋረጠች ልጅ፣ ጉድ ነው። ለናኒ ስትል ትዋጠው? ለናኒ ስትል ስንቱን ውጣለች። ለናኒ ስትል ቋሊማውን ራሱን አሁን እዚህ ቢያመጡላት፣ ቀኑ ምንድን ነው፣ ማክሰኞ፣ ማክሰኞ ከሆነ ትበላዋለች፣ በሰናፍጭ ትበላዋለች፣ አጨብጭቡልኝ ትላለች።

ለራሷ ግን ፓስፖርቱ አይደለም፣ ማን ያምናታል፣ ድምፁን ነው የምትፈልገው። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ከታች በተደረደሩት የፖስታ ሳጥኖች ውስጥ ወፍራም ፖስታ ይገባል፣ የድምፅ መስጫው፣ ለሁሉም ሲገባ ለእሷ አይገባም። ፍራው ኤግሊ የራሷን ሳትከፍተው ከማስታወቂያ ወረቀቱ ጋር በገመድ አስራ ለወረቀት ሰብሳቢዎቹ ደጅ ታወጣዋለች፣ ሐረገወይን ያንን ጥቅል ባየች ቁጥር ገመዱን ፈትታ ፖስታውን ልታወጣው ይቃጣታል። እሷ እኮ በዘጠና ሰባት ግንቦት፣ ሳይነጋ ተነስታ፣ ታሪክ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት የምርጫ ታዛቢ ሆና ቆማለች፣ ሰልፉ አጥሩን ዞሮ አስፋልት ወጥቶ፣ አቅመ ደካማውን በወንበር ተሸክመው እያመጡ፣ ውጤቱ በር ላይ ሲለጠፍ ሰው ተቃቅፎ ሲያለቅስ፣ ከዚያማ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቀዋል፣ የተለጠፈው ተቀደደ፣ ተኩሱ መጣ፣ ጥቅምት ላይ ታዛቢ የነበረውን ሁሉ ቤት ለቤት ለቀሙት። ድምፅ ሰጥታ ያገኘችው ስደት ነው፣ ተሰዳ ደግሞ ድምፅ የሚሰጥባት ሰው ሆነች፣ እሺ፣ ይሁን፣ ግን እስከ መቼ።

ምክንያቱም እነዚህ ሰዎች ስለ መጤ ድምፅ መስጠት አይሰለቻቸውም። የመጣች ሰሞን ጄኔቭ ነበር የመደቧት፣ ቶኔ የሚባል ሰፈር፣ የፈረንሳይ ድንበር አፍንጫው ሥር፣ ፈረንሳይኛዋ ገና ቦንዡርና ሜርሲ፣ አውቶቡስ ጣቢያው ላይ አንድ ትልቅ ማስታወቂያ ተሰቅሎ ነበር፣ ነጫጭ በጎች ጥቁሯን በግ በእግራቸው ከባንዲራው ላይ ሲያስወጧት። የሥጋ ቤት ማስታወቂያ መስሏት ነበር፣ እውነቷን ነው፣ ርካሽ በግ መጥቷል ብላ፣ ሲገባት አውቶቡስ ውስጥ ነበረች፣ ብቻዋን ፊቷ ጋለ። ያን ቀን ሲኞራ ፒያ ቤት ገብታ ነገረቻት። ሲኞራ ፒያ የምትጦራት ጣሊያናዊት አሮጊት ናት፣ እግሯን እያጠበቻት ነበር፣ አሮጊቷ ሳቀች፣ አንቺ ለበግነት በቅተሻል፣ በእኛ ጊዜ በግም አልነበርን አለች።

ሲኞራ ፒያ ስትናገር እጇ ዝም አይልም፣ ሐረገወይን ፈረንሳይኛው ያልገባትን በእጇ ታስረዳታለች። ባሏ ግንበኛ ነበር፣ የወቅት ሠራተኛ፣ ዘጠኝ ወር ሥራ፣ ሦስት ወር ውጣ፣ ድንበሩ ላይ በውስጥ ሱሪ አሰልፈው ደረቱን ራጅ እያነሱ ነው የሚያስገቡት፣ ክንዱን ነው የሚፈልጉት፣ ሚስትና ልጅ ይዞ መምጣት ክልክል ነው፣ ስለዚህ ሚስቱ ተደብቃ መጣች፣ ልጃቸውን ደግሞ አባትና እናት ሥራ ሲሄዱ ቤት ቆልፈውበት ይሄዳሉ፣ በር ሲንኳኳ ቁም ሳጥን ውስጥ ግባ፣ አትሳል፣ አትሩጥ፣ ሽንት ቤት ውኃ አትልቀቅ፣ አራት ዓመት ሙሉ ያ ልጅ ጫማ አድርጎ ወለል ላይ አልረገጠም። ይህ እዚህ ነው፣ ጄኔቭ፣ የሰው ልጅ መብት የሚሰበሰብባት ጄኔቭ። ሐረገወይን እግሯን ማጠቡን ትታ ቀና ብላ አየቻት፣ ማን ነው እንዲህ ያለ ሕግ የሚያወጣው፣ አለቻት። ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ አለች ሲኞራ፣ የፈሩ ጥሩ ሰዎች።

የታሪክ አስተማሪ አትለቅም፣ ቤተ መጻሕፍት ገብታ ሥሩን ቆፈረች። ለካ አገሩ ድሮ በሩን እንዲህ አልቆለፈም ነበር፣ ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፣ ድሃ ስለነበሩ የሚወጣው የራሳቸው ሰው ነበር፣ ከዚያ አንድ ቃል መጣ፣ ኢበርፍሬምዱንግ፣ አገሩ በባዕድ ተጥለቀለቀ እንደ ማለት። ቃሉ መጀመሪያ ጋዜጣ ላይ ነበር፣ ቀጥሎ ቢሮ ወጣለት፣ የባዕዳን ፖሊስ፣ ቀጥሎ በፈረንጆቹ ሠላሳዎቹ ሕግ ውስጥ ገባ፣ ፈቃድ ስትሰጡ አገሩ ምን ያህል በባዕድ እንደተጥለቀለቀ አመዛዝኑ ተብሎ፣ ፍርሃት ቃል ሲሆን፣ ቃል ቢሮ ሲሆን፣ ቢሮ ሕግ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ማንም ፈራሁ አይልም፣ አንቀጹን ነው የሚጠቅሰው። ቁም ሳጥኑን የሠራው አናጢ አይደለም፣ ያ አንቀጽ ነው። በሰባ ደግሞ በየካንቶኑ፣ በየክልሉ እንበል፣ ባዕድ ከመቶ አሥር አይለፍ፣ ጄኔቭ ብቻ ትንሽ ይጨመርላት ብለው ድምፅ ሰጡ፣ ድምፅ የሚሰጡት ወንዶች ብቻ ነበሩ፣ ሴቶቻቸው ገና አልተፈቀደላቸውም፣ ሲኞራ ፒያና ባሏ ሻንጣ አስረው ራዲዮ ሥር ተቀምጠው ዋሉ፣ አላለፈም፣ ግን ከመቶው አርባ ስድስቱ ይውጡ ብሏል፣ አርባ ስድስቱ፣ ማግስቱን አውቶቡስ ውስጥ ከእነሱ ጋር ተደርድረው ተቀመጡ። ያ የሠላሳዎቹ ሕግ የተሻረው ደግሞ መቼ ነው፣ ትናንት፣ እሷ ከመጣች በኋላ፣ እሷ ራሷ በእሱ ሥር ነው የገባችው፣ ሲኞራን የመዘነው ሚዛን ላይ ነው እሷም የወጣችው።

እና ሲኞራ ራሷስ። ሐረገወይን ወደ ዚሪክ ከመጣች በኋላ፣ ሽዋመንዲንገን የሚባለው ሰፈር እያለች፣ ብዙ ሰው መጣብን ተብሎ ድምፅ የተሰጠ ጊዜ በባቡር ልትጠይቃት ሄዳ ነበር፣ ሲኞራ ዜግነት ወስዳ ኖሯል፣ ምን መረጥሽ ብላ ማን ጠየቃት፣ ራሷ ነች የተናገረችው፣ ብርቱካን እየላጠች፣ ዊ፣ ይገደብ ብዬ ሰጠሁ፣ አገሩ ሞላ እኮ፣ ባቡር ላይ መቀመጫ የለም አለች። አንቺ፣ አለቻት ሐረገወይን፣ አንቺ ትይ። እኛ ሌላ ነን አለች ሲኞራ፣ እኛ ሠራን። በሩ እንዲህ ነው፣ የገባ ሰው ከኋላው ይዘጋዋል፣ አብሯት የሚሠራው ከማል እንኳ፣ የመስጊዱን ሚናሬት በድምፅ ከከለከሉበት በኋላ አንድ ወር ሳቁ የጠፋበት ከማል፣ ባለፈው ስለ አዲስ መጤዎቹ ልጆች ምን አላት፣ እነዚህ ደግሞ በዙ። እሷስ፣ እሷ ብላው አታውቅም? ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንድ ጊዜ ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር፣ መልሳ ዋጠችው፣ መጥፎ ጣዕም አለው።

ፍራው ሀብተሥላሴ፣ ይግቡ።

ትገባለች። ረጅም ጠረጴዛ፣ የሶዳ ውኃ፣ አምስት ሰዎች፣ መካከል ላይ ሊቀመንበሯ፣ ሽበታም፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ሦስቱ እንዲሁ የተቀመጡ፣ ጥግ ላይ አንድ ሰው፣ ፊቱ የተቀመጠው ካርድ ቤርታኒ ይላል፣ ስሙ የጣሊያን፣ የዚሪክ አነጋገሩ ግን ከሁሉም የከረረ። ጥያቄው ይመጣል፣ ሚኒስትሮቹ ስንት ናቸው፣ ሰባት፣ ካንቶኖቹ፣ ሃያ ስድስት፣ የጡረታው ገንዘብ ከየት ይመጣል፣ ትመልሳለች፣ አፏ ይመልሳል እሷ ሌላ ቦታ ናት፣ ያ ያ በያቸው ማሚ። ቀለል ብሎ እየሄደ ነው፣ ሊቀመንበሯ ፈገግ ትላለች፣ እና ሄር ቤርታኒ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል።

ኦገስት አንድ፣ ይላል፣ ግብዣው ላይ ምንም አልበሉም ይባላል።

እወደዋለሁ ልትል ነው፣ ሰርቬላ እወዳለሁ፣ ተዘጋጅቷል፣ ምላሷ ላይ አለ፣ ያን ቀን ሆዴን አሞኝ ነበር ትላለች፣ ናኒ ዩኒፎርሟን ትለብሳለች፣ ሁሉም ቤቱ ይገባል። ረቡዕ ነበር፣ ትላለች፣ ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ፣ ሥጋም ወተትም አልበላም። ታዲያ ለምን አልተናገሩም ይላል። ጾም አይወራም፣ ትላለች፣ ለእናንተም አሁን የነገርኩት ስለጠየቃችሁኝ ነው። ተናግራው ትናደዳለች፣ ሃምሳ ዓመት በእሷና በፈጣሪዋ መካከል የቆየ ነገር ነው፣ አሁን የጌማይንደ ወረቀት ላይ ሲጻፍ ታያለች፣ ያቺ የደወለችላት ጸሐፊ ከጎን ጠረጴዛ ላይ ትጽፋለች፣ ረቡዕና ዓርብ። የእኔም አያት ዓርብ ዓርብ ዓሣ ብቻ ነበር የምትበላው ትላለች ሊቀመንበሯ፣ ልታቀልላት። ሄር ቤርታኒ አይስቅም። እኛ፣ ይላል፣ እኛ የቀረበልንን ሁሉ በላን፣ አንድም ነገር አልመለስንም።

እኛ ሲል የትኛውን እኛ ነው። ታየዋለች፣ ስልሳ ዓመት ያልሞላው፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ፣ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አጣጥፎ ልክ ቁጭ በል እንደተባለ ልጅ፣ እና ክፉ ሰው ነው ልትል ትፈልጋለች፣ አይወጣላትም፣ ሆዱ እስኪቆስል የበላ ሰው ነው፣ አሁን የበላውን ሌላው ሁሉ ካልበላው በከንቱ የበላው ይመስለዋል። ታዝንለታለች፣ ታዝንለትና ደግሞ ትናደድበታለች፣ አንተ ስለበላህ እኔ ለምን።

ሊቀመንበሯ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፣ ወደ ደስ የሚለው እንሂድ ይመስል፣ ከአገራችን ታሪክ ይበልጥ የሚያስደንቅዎት የትኛው ነው ትላለች። ይህንንም አጥንታለች፣ ተራራው ሜዳ ላይ አገሩን የመሠረቱት ሦስት ሰዎች የተማማሉት መሐላ፣ ናኒ ጠይቃታለች፣ በቃሏ ትወጣዋለች። በሠላሳ አራት የወጣው የባዕዳን ሕግ ነው፣ ትላለች፣ አገሩ በባዕድ ተጥለቀለቀ የሚለው ቃል ያለበት፣ እኔ በእሱ ሥር ነው የገባሁት፣ ያስደንቀኛል፣ ሰባ ምናምን ዓመት ኖረ፣ ያረቀቁት ሰዎች ክፉ ስለነበሩ አይደለም፣ ስለፈሩ ነው፣ በፍርሃታቸው ደግሞ የሰው ልጅ ቤት ውስጥ ተቆልፎበት አደገ፣ ይህ የአገራችሁ ታሪክ ነው፣ ከተቀበላችሁኝ የእኔም ይሆናል፣ ደስ የሚለውን ብቻ መርጬ አልወስድም።

አንዷ ከሦስቱ ጫማዋን ታያለች።

በሠላሳ አንድ ነው የወጣው፣ ይላል ሄር ቤርታኒ፣ ቀስ ብሎ፣ በሠላሳ አራት ሥራ ላይ ዋለ። ይቅርታ፣ ሠላሳ አንድ፣ ትላለች። አባቴ በእሱ ሥር ነው የኖረው፣ ይላል፣ ቁጥሩን አልረሳውም፣ ማንም ሊያስተምረኝ አያስፈልግም። ላስተምርዎት አይደለም፣ ተጠይቄ ነው። አውቃለሁ ይላል፣ ወደ ፊት ዘንበል ይላል፣ ድምፁ ውስጥ የሆነ ነገር አለ፣ ቁጣ ይሁን ልመና አልለየችውም። እንግዲያው ይንገሩኝ፣ ከአውሮፓ የሚገባውን ሰው ለመገደብ ፊርማ ተሰብስቧል፣ ድምፅ ይሰጥበታል፣ ያን ጊዜ ዜጋ ቢሆኑ፣ ፖስታው ቤትዎ ቢመጣ፣ ምን ብለው ይመርጣሉ።

ናኒ ብትኖር ጉልበቷን ትጨብጣት ነበር። ያ ብላ ማለፍ ነው፣ እገድባለሁ በያቸው፣ እነሱ የሚወዱትን በያቸው፣ ወይም ኖ በያቸውና ውደቂ፣ ሁለት በር ነው ያለው፣ ሁለቱም አገሯ ላይ ወደ መረመራት ሰውዬ ነው የሚወስዱት። ጥቅምት ላይ ያ ሰውዬ ጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጦ፣ ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ ሌላ ምንም አልጠየቃትም፣ አልመታትም፣ ማንን መረጥሽ አላት፣ ይህንን ብቻ። በምርጫው ቀን እኮ በመጋረጃው ጎን ቆማ ለስንት ሽማግሌ፣ ለስንት ባልቴት፣ ማንን እንደመረጡ ማንም አይጠይቅዎትም እማማ፣ አይዞዎት ብላለች፣ ሰውዬው ጠየቃት፣ እሷም ነገረችው። ልጅ ነበራት፣ ነገረችው። ወጥታ አስፋልት ላይ አስመለሳት።

ይህ አይጠየቅም፣ ትላለች ሐረገወይን።

ምን አሉ፣ ይላል።

ይህ አይጠየቅም፣ ሄር ቤርታኒ፣ ሰው ምን እንደሚመርጥ አይጠየቅም፣ የእርስዎም አይጠየቅም፣ የእኔም አይጠየቅም፣ በእናንተ ሕግ አይጠየቅም፣ እናንተ ሕግ ባይኖራችሁም እኔ አልመልስም። ጀርመንኛዋ ተሰባብሯል፣ ግሡን የት እንዳስቀመጠችው አታውቅም፣ ይሰባበር፣ ገብቷቸዋል፣ ፊታቸው ላይ ታየዋለች። ሊቀመንበሯ መነጽሯን አውልቃ በእጇ ይዛ፣ ልክ ናቸው ትላለች፣ ለእሱ ነው ለእሷ አልታወቀም፣ ድምፅ ምስጢር ነው። ሄር ቤርታኒ ወደ ኋላ ተደግፎ ጣሪያውን ያያል፣ ጆሮው ቀልቷል፣ የአምስቱ ድምፅ በምን በኩል እንደሚወድቅ እግዜር ይወቅ፣ ሦስቱ ከደገፏት በቃ፣ ካልደገፏትም እንደገና ታመለክታለች፣ ናኒ ትገድለኛለች፣ ትግደለኝ፣ ናኒ አንድ ቀን ፖሊስ ትሆናለች፣ ጠረጴዛ ወዲያ ትቀመጣለች፣ ያን ቀን ይህንን ጥያቄ ማንንም እንደማትጠይቅ ታውቅ፣ ዛሬ ማታ እነግራታለሁ፣ ሁሉንም እነግራታለሁ። የሶዳውን ውኃ ማንም ሳይጋብዛት አንስታ ለራሷ ትቀዳለች፣ ትጠጣለች፣ ብርጭቆውን ታስቀምጣለች።

ሌላ ጥያቄ አላችሁ፣ ትላቸዋለች።